የትኛው ፊፋ?

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት የሚመስል ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ፎርማት እናደርጋለን፣ ዊንዶው እንጭናለን፣ ፊልምና ጌም በፍላሽ እንሞላለን» ይላል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ዴል ላፕቶፕ ተከፍቶ ተቀምጧል። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ ያኔውኑ ድርግም ነው። ራሙ 4 ጊጋ ነው። ባለቤቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ዶርም ውስጥ ከጓደኛው የሰማውን ይዞ መጥቷል።

«ዊንዶውን አጥፋና ሊኑክስ ጫንልኝ። ግን ፊፋ ይሠራል አይደል?»

ጠጋኙ ከያዘው ብሎን ቀና ሳይል፣ «የትኛው ፊፋ?» አለው።

ልጁ የተሾፈበት መሰለው። አልተሾፈበትም። የዛሬ አሥር ዓመት ቢሆን መልሱ ባጭሩ «አይሠራም» ነበር፤ ሊኑክስ የሰርቨርና የፕሮግራመር ነው፣ መጫወት የፈለገ ዊንዶውስ ይጫን፣ አለቀ። ዛሬ ያን መልስ የሚሰጥ ሰው ተሳስቷል። በደፈናው «ይሠራል» የሚልም ልጁን ያስቀይመዋል።

ጥያቄው ለምን እዚህ ከተማ፣ ለምን አሁን ተነሣ ያልን እንደሆነ መልሱ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በተማሪ እጅ የሚታየው ማሽን ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው፤ ውጭ አገር አንድ መሥሪያ ቤት ሠርቶበት የጣለው ዴል ወይም ኤችፒ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና በደጀን በኩል ወጥቶ እዚህ ይደርሳል። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በሕጉ መሠረት ከተጫነ፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን ፕሮሰሰር አልቀበልም ይላል፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውንም የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ትልቁ የጌም መሸጫ ስቲም በበኩሉ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ዊንዶውስ 7ንና 8ን ትቷቸዋል። ማሽኑ ደህና ነው፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም፤ የፈረሰው ማሽኑን ከሶፍትዌሩ ጋር ያያዘው ውል ነው።

በነገራችን ላይ ያ ውል መጀመሪያውኑም እዚህ ቤት አልተፈረመም። በየጥገና ቤቱ በፍላሽ የሚጫነው ዊንዶውስ በክራክ አክቲቬት የተደረገ መሆኑን ጫኚውም አስጫኚውም ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የፈጠራ ሥራ ይጠብቃል፤ ፍላሹ ግን ከአዋጁ ቀድሞ ከተማ ደርሷል። በዚህ ዓይን ካየነው፣ ያ ተማሪ ሊኑክስን ቢጭን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሕጋዊ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫኑ ነው። እሱ ስለዚህ አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ ፊፋ ነው።

የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ እንዴት ሊነሣ ይችላል? ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው እናስበው። ባለጉዳዩ እንደ አፉ ይናገራል፤ ጸሐፊው ችሎቱ በሚቀበለው መልክ አስተካክሎ ያሰፍረዋል። ባለጉዳዩ የሕግ ቃል አያውቅም፣ ዳኛውም የባለጉዳዩን ረጅም ወግ አልሰማም፤ ጉዳዩ ግን ታየለት። ዋይን የተባለው ፕሮግራም ሥራ ይኸው ነው። ጌሙ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይህን ድምፅ አሰማልኝ» እያለ በዊንዶውስ ደንብ ይጠይቃል፤ ዋይን ጥያቄውን ተቀብሎ በሊኑክስ ደንብ ያቀርባል፣ መልሱንም እንዲሁ ገልብጦ ይመልሳል። በመካከሉ ሌላ ኮምፒውተር አልተሠራም፤ ፕሮሰሰሩ የጌሙን ኮድ በቀጥታ ነው የሚያስኬደው። ኢሙሌተር ከሚባለው የሚለየውም፣ ፍጥነት እምብዛም የማይቀንሰውም ለዚህ ነው።

ዋይንን እ.ኤ.አ. በ1993 ቦብ አምስታድት የተባለ ፕሮግራመር ከሌሎች ጋር ጀመረው፤ በዓመቱ ገደማ አሌክሳንደር ዡልያር ተረከበው፣ እስካሁንም የሚመራው እሱ ነው። 1.0 የተባለው እትም የወጣው በሰኔ 2008 ነው። ለአንድ ቁጥር አሥራ አምስት ዓመት! ይህን ያህል የፈጀው ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። የዊንዶውስ ደንብ በመጽሐፍ የተጻፈው ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውም ጭምር ነው፤ ጌም ሠሪዎች ለዓመታት የተደገፉባቸው ስህተቶች እንኳ እንደነበሩ መገልበጥ ነበረባቸው።

ትልቁ መሰናክል ሥዕሉ ነበር። አብዛኛው የዊንዶውስ ጌም ምስል የሚሥለው ዳይሬክት ስሪዲ በተባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ነው፤ ሊኑክስ ይህን አያውቅም። ዋይን ወደ ኦፕንጂኤል እየቀየረ ይሞክር ነበር፤ ያ መንገድ ለድሮ ጌሞች ይበቃል፣ ለአዲሶቹ ግን ይንቀራፈፋል። በ2016 ቩልካን የተባለ አዲስ የግራፊክስ ደንብ ወጣ፤ የማንም ኩባንያ የግል ንብረት ያልሆነ፣ ለሃርድዌሩም የቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ፊሊፕ ሬቦሌ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ኒር አውቶማታ የተባለውን ጌም ሊኑክስ ላይ መጫወት አማረውና፣ ዳይሬክት ስሪዲን ወደ ቩልካን የሚገለብጥ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ዲኤክስቪኬ የሚባለው ነው። አንድ ሰው አንድ ጌም ስላማረው የተጀመረ ሥራ የብዙ ሺህ ጌሞችን በር ከፈተ።

በሩን በርግዶ የገባው ግን ባለገንዘቡ ነው። የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ በ2012 ዊንዶውስ 8 የራሱን መደብር ይዞ ሲመጣ ደነገጠ፤ አለቃው ጌብ ኒውዌል ዊንዶውስ 8ን ለኮምፒውተሩ ዓለም መቅሠፍት ነው እስከ ማለት ደረሰ። ፍርሃቱ ቀላል ነው፤ ገበያው ያለው በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው፣ ባለግቢው ደግሞ ራሱ መነገድ ጀመረ። ቫልቭ በ2013 ስቲምን ለሊኑክስ አወጣ፣ በ2015 ስቲም ማሽን የተባሉ ሊኑክስ ኮምፒውተሮችን አስነገደ፤ ወደቁ። የሚጫወቱበት ጌም አልነበረማ! ጌም ሠሪዎችን «ለሊኑክስም ሥሩልን» ብሎ መለመን እንደማያዋጣ ያኔ ገባው። በነሐሴ 2018 ዋይንንና ዲኤክስቪኬን አንድ ላይ ጠቅልሎ ፕሮቶን ብሎ ስቲም ውስጥ አስገባው። ከእንግዲህ ጌም ሠሪው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ተጫዋቹም «ፕሌይ» ከመጫን በላይ ማወቅ አይጠበቅበትም። በየካቲት 2022 በ399 ዶላር ገበያ የገባው በእጅ የሚያዘው ስቲም ዴክ የሚሠራው በዚሁ ነው። ከስቲም ተጠቃሚዎች መካከል የሊኑክስ ድርሻ በጥቅምት 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 በመቶ አልፏል።

ሊኑክስን የሚያወድሱ ሰዎች ሁልጊዜ ስለ ነፃነት ያወራሉ፤ እኔም አልጠላውም። ግን ሐቁን እናውራ ከተባለ፣ በጌም በኩል ነገሩን ያፈጠነው አንድ ሀብታም ነጋዴ ሌላውን ሀብታም ነጋዴ መፍራቱ ነው። እነ ዡልያር ያለዚያም ይሠሩ ነበር። ፍጥነቱ ግን የፍርሃት ፍጥነት ነው።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ጠጋኙ ላፕቶፑን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ቁጥር አነበበ፤ ላቲቲዩድ ኢ7470። «ዕድለኛ ነህ» አለው። ልጁ ግራ ገባው። ኢ7440 ቢሆን ኖሮ አራተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ የዚያ ማሽን ግራፊክስ ቩልካንን በቅጡ አይደግፍም፣ ስለዚህ አዲሱ ዲኤክስቪኬ አይሠራለትም፤ ወይ የድሮውን እትም ፈልጎ ማስገባት፣ ወይ ወደ ኦፕንጂኤል መመለስ ነው። 7470 ግን ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ የሊኑክሱ የኢንቴል ድራይቨር ቩልካን 1.3ን ያደርስለታል። በሁለቱ ላፕቶፖች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ከውጭ ሲያዩዋቸውም መንትያ ናቸው። ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ስለ ራምና ስለ ሃርድ ዲስክ ይጠይቃል፤ ይህን የሚጠይቅ ብዙም አይገጥምም።

ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ ጫነለት፤ 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን የማይከብደው ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ዓይነት። ቀጥሎ የልጁን ፍላሽ ሰካ፤ ውስጡ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ አለ። ዊንዶውስ ላይ ይህ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ነበር የሚታዩት፤ አገር ምድሩን ያዳረሰው የፍላሽ ቫይረስ ነው። ሊኑክሱ ላይ ግን ሾርትከቶቹ ምንም የማያደርጉ ትንንሽ ፋይሎች ሆነው ተደረደሩ፣ ቫይረሱ የደበቀው እውነተኛ ፎልደርም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ታየ። «እንዴ! ፋይሌ ጠፍቷል ብዬ እኮ ነበር» አለ ልጁ። ጌሙ በዋይን ሲከፈት መጀመሪያ ጥቁር ስክሪን፣ ከዚያ ድምፅ ብቻ፣ ከዚያ ሥዕሉ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቆም ቀጠል ይል ነበር፤ ዲኤክስቪኬ እያንዳንዱን የሥዕል ትእዛዝ መጀመሪያ ሲያገኘው ለቺፑ እያሰናዳ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ ሲያገኘው አይቆምም። ከዚያ በኋላ የጌሙ ባለታሪክ ሲጄ ብስክሌቱን እየነዳ ሄደ።

ስልኩን ቻርጅ አስደርጎ የሚጠብቅ ጋቢ የለበሰ አዛውንት ከጥግ ሆኖ ያያቸው ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ልፋት ለጨዋታ ነው?» አለ።

«አባቴ፣ ኮምፒውተር የሚለምዱት በጨዋታ ሰበብ ነው» አለው ጠጋኙ።

«እንኪያስ ይጫወቱ።»

አሁን ወደ ፊፋው። ልጁ የሚፈልገው ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወተውን፣ አዲሱን ነው። ከፊፋ 23 ጀምሮ ኢኤ የተባለው አሳታሚ በኮምፒውተር ጌሞቹ ላይ የራሱን ፀረ ማጭበርበሪያ ጠባቂ አስገብቷል። ይህ ጠባቂ ከዊንዶውስ እምብርት፣ ከከርነሉ ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ነው፤ ተጫዋቹ የማጭበርበሪያ ፕሮግራም ቢያስገባ ከሥሩ ሆኖ ያየዋል። ዋይን ላይ ግን ከሥር ያለው ዊንዶውስ አይደለም፤ ጠባቂው የሚቆምበት ቦታ ያጣል፣ ጌሙንም አይከፍተውም። ቫሎራንትና ፎርትናይትም በሊኑክስ አይነሡም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ሊኑክስን ፈቅዶ ከቆየ በኋላ በጥቅምት 2024 መጨረሻ በሩን ዘጋ፤ አጭበርባሪዎች በዚያ በኩል ይገባሉ በሚል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም፤ ሊኑክስ ላይ ባለቤቱ ከርነሉን እንዳሻው መለወጥ ይችላል፣ የማያምን አሳታሚ ደግሞ ይህን አይወድም። ሁለት የታወቁ የጠባቂ ኩባንያዎች በ2021 ለፕሮቶን መንገድ ከፍተዋል፤ ቁልፉን ማዞር ግን የየጌሙ ባለቤት ፈንታ ነው፣ ብዙዎቹም አላዞሩትም።

ስለዚህ «የትኛው ፊፋ?»። አዲሱ ከሆነ አይሠራም፤ ለመጠገንም የጠጋኝ እጅ አይደርስበትም። ፔስ 2013 ዓይነት ድሮ የወጣ ኳስ ከሆነ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለበትምና ዋይን ብዙ ጊዜ ያስተናግደዋል።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የአውሮፓና የአሜሪካ ተጫዋቾች ሊኑክስን የሚያማርሩበት ይህ የጠባቂ ጉዳይ፣ እዚህ ሲደርስ ብዙ ክብደቱን ያጣል። ጠባቂ የሚያስፈልገው ኦንላይን ለሚጫወት ነው። በአማራ ክልል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ኦንላይን የሚባል ጨዋታ ለደብረ ማርቆስ ልጅ ወሬ ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ሲኖርም መቶ ጊጋ የሚጠጋ ጌም በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ ማን ይችላል? ዋጋውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሣ፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። 60 ዶላር የሚሸጥ ጌም በዚያ ምንዛሪ ወደ 8 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር ማለት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመንግሥት ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6 ሺህ ብር ነው። ብሩ ቢገኝ እንኳ ለአንድ ተማሪ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

እንግዲህ የቫልቭ ድካም እዚህ የሚደርሰው በግማሽ ነው። ስቲምን ጭኖ፣ ጌም ገዝቶ፣ በፕሮቶን መጫወት፣ ያ መንገድ ለደብረ ማርቆስ ተማሪ በተግባር ዝግ ነው። የደረሰው የሥራው ፍሬ ነው፤ ዋይኑ፣ ዲኤክስቪኬው፣ ድራይቨሩ። እነሱ ነፃ ናቸው፤ አንድ ሰው ካወረዳቸው በፍላሽ ለመቶ ሰው ይበቃሉ። ችግሩ ሊኑክስ ራሱ ኢንተርኔት እንደ ልብ ላለው አገር ሰው የተሠራ መሆኑ ነው። ሚንቱን ጭነህ «ዋይን ጫንልኝ» ስትለው ብዙ መቶ ሜጋ ከኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ለድሮ ጌሞች የሚያስፈልጉት የ32 ቢት ፋይሎች ተጨማሪ ናቸው። ክራክ የሆነው ዊንዶውስ ግን ከነድራይቨሩ፣ ከነኦፊሱ ተጠቅልሎ በአንድ ፍላሽ ይመጣል፤ ለኢንተርኔት አልባ ከተማ ከማንም በተሻለ የተሰናዳው ሕገ ወጡ ነው። በእኔ እምነት ሊኑክስ እዚህ ያልሄደው ከባድ ስለሆነ አይደለም። እንደዚያ አድርጎ ጠቅልሎ ያመጣው ሰው ስላልነበረ ነው። ይህ ጠጋኝ የጀመረው ያንን ነው፤ አንዴ ያወረዳቸውን የዋይንና የ32 ቢት ፋይሎች ሚንቱ ባለበት ፍላሽ ላይ በአንድ ፎልደር ሰብስቧል፣ ከዚያ ወዲህ ለሚጭንላቸው ሁሉ ከዚያ ነው የሚወስደው።

ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ጥቂቱ ነው፤ ስልክ ያለው ብዙው ነው። ስልኩ ደግሞ፣ ባለቤቱ ባያውቀውም፣ ሊኑክስ ነው፤ አንድሮይድ የቆመው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ከርነል ላይ ነው። ጉርብትናው በዚህም አያበቃም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ፒኤስ 4 ከሊኑክስ የአጎት ልጅ ከፍሪቢኤስዲ የተወለደ ሥርዓት አለው። ዊንዶውስ የሌለበት ጨዋታ ለከተማው ልጅ ብርቅ ሆኖ አያውቅም።

በስልክ በኩል ልጆቹ ማንንም አልጠበቁም። ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ኢሙሌተር የድሮውን የሶኒ ፒኤስፒ ጌሞች አንድሮይድ ላይ ያስነሣል፤ ይህኛው እንደ ዋይን አስተርጓሚ አይደለም፣ ሌላ ማሽን አስመስሎ የሚሠራ ነው። ያረጀው ፔስ የዘንድሮ ተጫዋቾችና ማሊያ እየተደረገለት በዜንደርና በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ፋይሉ ጊጋ ቢሆን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሞባይል ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ያልጠፋ ጨዋታ ቢኖር ይህ ነው።

አሁን ወሬው ዊንላተር ሆኗል። ዋይንን ቦክስ64 ከተባለ ሌላ ገልባጭ ጋር አጣምሮ የኮምፒውተር ጌምን ስልክ ላይ የሚያስነሣ ነፃ አፕ ነው። ቦክስ64 የኢንቴል ፕሮሰሰርን ትእዛዝ ወደ ስልኩ አርም ፕሮሰሰር ይገለብጣል፤ ዋይን ዊንዶውስን፣ ዲኤክስቪኬ ሥዕሉን። ሦስት ገልባጭ ተደራርቦ መሥራቱ ይደንቃል። ቫልቭ ራሱ በኅዳር 2025 ስቲም ፍሬም የተባለ በአይን ላይ የሚጠለቅ ማሽን ሲያስተዋውቅ፣ ስናፕድራገን ቺፕ ላይ የዊንዶውስ ጌሞችን የሚያስኬደው ኤፍኢኤክስ በተባለ ተመሳሳይ ገልባጭ መሆኑን ተናግሯል። ልጆቹ በአፕ የሚሞክሩትን ኩባንያው በሃርድዌር ይዞ መጣ።

ለደብረ ማርቆስ ስልክ ግን አንድ ክፉ ሳንካ አለው። ዊንላተር ደህና የሚሄደው አድሬኖ ግራፊክስ ባላቸው የስናፕድራገን ስልኮች ላይ ነው፤ ለእነሱ ተርኒፕ የተባለ ጥሩ ነፃ የቩልካን ድራይቨር ተጽፎላቸዋል። በከተማው የሚበዙት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ናቸው፤ እነሱ ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሚዲያቴክ ወይም በዩኒሶክ ቺፕ፣ በማሊ ወይም በፓወርቪአር ግራፊክስ ነው። ያው የ7440 እና የ7470 ታሪክ እዚህም ይደገማል፤ የሚወስነው ድራይቨሩ ነው።

ላቲቲዩዱ ተዘግቶ ልጁ ከመውጣቱ፣ ቴክኖ የያዘ ሌላ ጎረምሳ ገባ። ዊንላተር ጭኖ የመጣ ነው፤ ሳን አንድሪያስን ከከፈተው ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ ከአፑ ይወጣል። ጠጋኙ ስልኩን ተቀብሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የቺፑን ስም አየና መለሰለት።

«ይኼ ማሊ ነው፣ አትልፋ። የስልኩ ሳን አንድሪያስ አለኝ፣ እሱን ልጫንልህ። 2 ጊጋ ተኩል ቦታ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ቪዲዮህን አጥፋና ተመለስ።»